ስለ ደም ያስተማሩኝ አጎቴ

ደሴ አጠገብ፣ ኩታበር፣ አጎቴ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ ዛሬ ባዶዋን ናት። የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ቃል በተነሣ ቁጥር "ዕብራይስጡ ምን ይለዋል መሰለሽ?" ማለት ልማዳቸው ነበር።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ልጄ ወልዳ ደም ፈሰሳትና ደሴ ሐኪም ቤት አስገባናት። ደም ካላገኘች አትተርፍም ተባለ። የእኔ ይሆናታል ሲሉኝ፣ መርፌውን ሳይ ወደ በሩ አፈገፈግሁ።

"የኔታ፣ ደሜ ነፍሴ አይደል? ብሞትስ?" አልኋቸው አብረውን የመጡትን አጎቴን።

"አንቺ ፈሪ!" ብለው ሳቁብኝ። "ዕብራይስጡም ደምን 'ዳም' ነው የሚለው። ነፍስ በደም ውስጥ ናት ይላል መጽሐፉ፤ እውነትሽን ነው። ታዲያ ልጅሽ ነፍስ አጥታ ተኝታ ምን ልትሰጫት ኖሯል፣ ሽሮ? እግዜር ቃየልን የጠየቀው የወንድሙን ደም ስላፈሰሰ ነው። ደሙን የሰጠውን ሰው ምን ብሎ ይጠይቀዋል?"

ክንዴን ዘረጋሁ። እስኪያልቅ ድረስ ሌላውን እጄን ይዘው አጠገቤ ቆሙ። ልጄ ውላ አድራ ዓይኗን ገለጠችና አጥሚት ስጡኝ አለች።

አጎቴን የቀበርን ዕለት ያቺ ልጄ፣ ያኔ የወለደችውን ልጅ እጁን ይዛ፣ ከአልቃሹ ሁሉ በላይ ጮኻ አለቀሰች። ያኔ ሊጠፋ የነበረውን ድምፅዋን ተራራው ሲመልሰው ሰማሁ። እንባዬን እየጠረግሁ፣ በለቅሶው መሐል፣ "እሰይ!" አልሁ።