ወፍጮ ቤቱ ጋ የቀረችው ጥሪ

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ። ከምሸጣቸው ደብተሮች ጠርዛቸውን ውሃ የነካቸውን ለራሴ አስቀርና፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብዬ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። መጻፍን የተማርኩት ከሰው በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው፤ አንዳንዶቹን እስከ ዛሬ አልመለስኩም።

ታሪኬ ተከታታይ ነበር። በእሱ ዓለም ትልልቆቹ ሥራዎች የመላእክት አይደሉም፤ ሟች ሰው ይሾምባቸዋል። ነፋስን የያዘው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አዳማ አቧራዋን የምታነሳው እሱ ሲናደድ ነው። እንቅልፍ በአንዲት የፋርማሲ ጽዳት ሠራተኛ እጅ ነው። ሦስተኛው ደብተር የሞት ነበር። ለሞት የሚሆን ሰው ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም፤ አጎቴን ወሰድኩ።

አጎቴ በሥራው ጎሚስታ ነው፤ ወደ መልካሳ መውጫው ላይ ጎማ ይለጥፋል። ሰው ሲሞት ደግሞ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነው። የራሱ አሠራር አለው። ሲነጋጋ መጀመሪያ መስጊዱ ጥግ፣ ቀጥሎ ቦኖው ጋ፣ መጨረሻ እኔ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ወፍጮ ቤት ይቆማል፤ በየቦታው ጡሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም ከነአባት ይጠራል። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ጥሪ። እኔም ይህንኑ በደብተሬ ሕግ አደረግኩት፦ ባለሹመቱ ሦስቴ ሳይጠራው ማንም አይሄድም። ቀኑ ያልደረሰን ሰው መጥራት ጀምሮ ካቋረጠ ግን የቀረችው ጥሪ አፉ ውስጥ ትቀመጣለች። አንድ ጠዋት ሳያስባት ትወጣለች፤ ስትወጣ የራሱን ስም ይዛ ነው።

ደብተሩን ሰፈሩ እየተቀባበለ አነበበው። አጎቴም አነበበ። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት «ሹመት ያዳብር» ይሉታል።

«አሜን» ይላል፣ «ያንተን ተራ ትንሽ ገፋ አደርጋታለሁ።»

በዚያ ሰሞን የጓሮ ጎረቤታችን እማማ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ፍል ውሃ ሊነከሩ ሶደሬ ሄዱ። የወሩ የእድር ስብሰባ እሳቸው ቤት ነበርና ልጃቸው ለእድሩ ጸሐፊ በስልክ መልእክት ላከች፦ «እናታችን ሶደሬ አርፈዋል። የነገውን ስብሰባ ለሌላ ቀን አድርጉልን።» እንግዲህ በአማርኛችን ሆቴል አልጋ የያዘም ያርፋል፣ የሞተም ያርፋል። ጸሐፊው ደንግጦ ለአጎቴ ደወለ።

ሲነጋጋ ሱቄን ስከፍት የእማማን ስም ከመስጊዱ ጥግ ሰማሁት። ቀጥሎ ከቦኖው። ነፋስ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ፊደል ተለይቶ ይሰማል። አጎቴ ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሶ ጡሩምባውን ወደ አፉ ሲያነሳ፣ የእማማ ልጅ ነጠላዋን እየጎተተች ከጀርባው ደረሰች።

«ጋሼ፣ ማን ሞቱ አለዎት?»

«አንቺው አይደለሽ የጻፍሽው?»

«አርፈዋል አልኩ እንጂ ሞቱ አልኩ? አልቤርጎ ይዘው ነው ያረፉት!»

አጎቴ ጡሩምባውን ቀስ ብሎ አወረደ። ልጅቷን አላያትም። ያየው እኔን ነው፤ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ።

ስድስት ሰዓት ላይ ወንዶቹ በመጀመሪያው ጥሪ ተነሥተው የተከሉትን ድንኳን ሲነቅሉ፣ ልጃቸው ሶደሬ ድረስ ሄዳ ያመጣቻቸው እማማ ከባጃጅ ወረዱ።

«አካም ኦልተን» ብለው ሁሉንም በኦሮምኛ እንደምን ዋላችሁ አሉ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ማን ነው አብዝቶ ያለቀሰልኝ? አሳዩኝ፣ እንድመርቀው።»

ጸሐፊው ከአንድ ቋሚ ጀርባ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎቴ አልሳቀም፤ ቀርቦ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቆሙት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ።

«ጠዋት ውሃው ውስጥ ሆኜ በድምፅህ ጠራኸኝ» አሉት። «ሁለቴ።»

«አቤት አሉ?»

«እናቴ ምን ብላ ነው ያሳደገችኝ? ማን እንደጠራኝ ሳላይ አቤት አልልም። ሦስተኛውን ብጠብቅ ብጠብቅ ቀረ።»

ልጃቸውን በኋላ ጠየቅኳት። ስልካቸው አልጋ ክፍላቸው ውስጥ ተዘግቶ ነበር፤ ማንም ስለ ሁለት ጥሪ አልነገራቸውም። እሷም መንገድ ላይ የነገረቻቸው ድንኳን እንደተተከለ ብቻ ነው። ደብተሬን አንብበው ይሆናል እንዳልል ደግሞ እማማ ፊደል አልቆጠሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ ከሳ። ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲፈልግ እንኳ ከንፈሩን ገጥሞ ነው። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ደብተሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ያሰርሽውን አንቺ ፍቺው።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው ጋሼ። ገጹን ልቅደደው?»

«መቅደድማ እኔም እችላለሁ። ስሜን ይዛ እንዳትወጣ አድርገሽ ጻፊው።»

ሞከርኩ። ሦስት ቀን ሞከርኩ። ማታለያ አላጣሁም፤ ግን የምጽፈውን እኔ ራሴ አላመንኩትም፣ ሳነብለትም ያውቅብኛል። በመጨረሻ አጎቴን ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ። እግራቸውን ዘርግተው ሽሮ ይነፋሉ። ነገሩን ሁሉ ስነግራቸው ወንፊቱን እንኳ አላቆሙም።

«ለዚህ ነው እንዴ የከሳኸው?» አሉት። «ጥሪዋ የእኔ ናት። በእኔ ስም የተጀመረች ናት። አስቀምጥልኝ፣ ለሌላ እንዳትሰጣት፤ ለራስህም ቢሆን።»

«መቼ ልስጥዎት?»

«እሱን አንተ ታውቀዋለህ። ሹመቱ የማን ነው?»

ይህንኑ ቃላቸውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ እኔ ያልፈጠርኩት ብቸኛው ሕግ ነው። አጎቴ እህል መብላት ጀመረ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ግን መቆም ተወ። ሰው ሲሞት መስጊዱ ጥግና ቦኖው ጋ ይጠራና ዝም ብሎ ይመለሳል፤ ሦስተኛው ቦታ ላይ አፉን ከከፈተ የእማማ ስም እንዳይወጣ ፈርቶ ነው። የወፍጮ ቤቱ ወገን ቀብር ያመልጠው ጀመር። «እኛ ሰፈር ሰው መሞት አቆመ እንዴ?» ብለው ለእድሩ አመለከቱ። ሊቀ መንበሩ ጠርቶ አስጠነቀቀው፤ አጎቴ «እሺ» ብሎ ወጣ፣ በሚቀጥለውም ሞት ሁለቴ ብቻ ጠራ። እድሩ ጡሩምባውን ሊነጥቀው ድምፅ ሰጠ፤ ሦስት ድምፅ ጎደለ።

እማማ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ውስጥ አረፉ። በዚህ ጊዜ ቃሉ አላሳሳተም፤ ልጃቸው ራሷ መጥታ በር ላይ ቆማ «ሞቱ» አለች።

አጎቴ ሲነጋጋ ተነሣ። መስጊዱን አለፈ፣ ጡሩምባው በብብቱ ነው። ቦኖውን አለፈ፤ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ማን እንደሞተ ጠየቁት፣ አልመለሰም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሞ አንድ ጊዜ ነፋ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው አንድ ጊዜ ጠራ። ከዚያ ጡሩምባውን በውሃ አለቀለቀ፣ ለሊቀ መንበሩ መለሰ፣ ከቀብር ሲመለስም ጎማ ሊለጥፍ ሄደ።