ጆሮው ከታየ፣ ዐይኑ ከታየ

አሁን በምኖርበት በዚህ ሩቅ ከተማ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ወጥሬ በጣቴ ስነካው «ድም» ሲል፣ ድምፁ አንሥቶ አገሬ አምበር፣ ገደል አፋፍ ካለው ማሳችን ላይ ያስቀምጠኛል፤ የአባ የደጋን ጅማት እንዲሁ ነበር የሚለው።

ክረምቱን አባ እሳት ዳር ተቀምጦ የወይራውን ደጋን ቅቤ እየቀባ፣ ጅማቱን እያከረረ ይከርም ነበር። መስከረም ጠብቶ በቆሎው ሲያሸት፣ ከገደሉ የሚወጡትን ዝንጀሮዎች ለመጠበቅ አባና እኔ ማማው ላይ እንውል ነበር። ቀስቱ ለመግደል አልነበረም፤ ከመንጋው መሪ፣ ከትልቁ ወንድ ፊት መሬት ላይ ተተክሎ እንዲያስደነግጠው ነበር። «አንዴ አጥሮ ሲወድቅ ካየ ይንቀናል፤ የዓመት እህላችንንም ይዞት ይሄዳል» ይል ነበር አባ። ስለዚህ ርቀቱን ማወቅ ግድ ነበር፤ መለኪያችንም ዐይን ነበር። የዝንጀሮው ጆሮ ብቻ ከራሱ ተለይቶ ከታየ ገና ሩቅ ነውና አባ ደጋኑን ቀና ያደርጋል፤ ዐይኑ ከታየ ደግሞ ቀርቧልና ዝቅ አድርጎ ይለቃል።

«ምን ይታይሻል?» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ፤ እኔም የሚፈትነኝ እየመሰለኝ «ጆሮው» ስል፣ «ያልለየሽውን እንዳትናገሪ» ይለኛል።

ጥቅምት ላይ፣ በመንገድ ቅየሳ ሥራ ይውል የነበረው አጎቴ ታፈረ፣ አንድ ዐይን ጨፍነው የሚያዩበት፣ ርቀቱን በቁጥር የሚያወጣ መሣሪያ ይዞ መጣ። ወደ አንድ ድንጋይ አነጣጥሮ «ሠላሳ ስምንት ሜትር» አለ፤ ሮጬ የሜትሩን ጫፍ ይዤለት ስንለካው፣ ልክ ሠላሳ ስምንት። ሳይራመድ እንዴት አወቀ? መስታወቱን አገላብጬ አየሁ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ሁሉ አዳመጥኩት።

«አያ፣ እንግዲህ ልጅቱን ከማማው አውርዳትና ትረፍ፤ ይኼ እኮ አያዛጋም» አለ ታፈረ እየሳቀ።

አባ መሣሪያውን ዐይኑ ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየና «አንቺ አንብቢልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ዳዊቱን ገጽ ሳይገልጥ በቃሉ ብቻ የሚደግመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለካስ ሲፈትነኝ አልነበረም፤ እሱ የሚያየው የዝንጀሮውን ጥላ ብቻ ነበር፣ የቀረውን በእኔ ዐይን ነበር የሚያይ።

ወዲያው ትልቁ ዝንጀሮ ብቅ አለ። መሣሪያውን ባነጣጥር አንዴ ዘጠኝ፣ አንዴ ስልሳ ይላል፤ ነፋስ የሚያወዛውዘውን የበቆሎ ቅጠል ሲለካ ኖሯል።

«ቁጥሩን ተይው። ምን ይታይሻል?»

ከመሣሪያው ልቅደም ብዬ፣ ጆሮው ብቻ እየታየኝ «ዐይኑ!» አልኩ። አባ ደጋኑን ዝቅ አድርጎ ሳበ።

«አባ፣ ዋሸሁ! ጆሮው ነው!»

አባ ደጋኑን ቀና አድርጎ ለቀቀው። ድም! ቀስቱ ከዝንጀሮው እግር ፊት ተተክሎ ሲርገበገብ መንጋው እየጮኸ ገደሉን ወረደ።

«ይቺስ ባትሪም አትፈልግ» አለ ታፈረ።

«የእኔዋ ስትሳሳት ትናገራለች» አለ አባ። በቆሎው እስኪሰበሰብ ድረስ ከማማው አልወረድኩም፤ ውሸቴን ግን ለነፍስ አባታችን ተናዝዤ አሥር ስግደት ሰግጃለሁ።

ዛሬ ስልኬ ከዚህ እስከ አምበር ያለውን ርቀት ሳያዛንፍ ይነግረኛል። የዐይኑ ብርሃን ፈጽሞ የጠፋው አባ ግን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስደውልለት «ምን ይታይሻል?» ነው የሚለኝ። መስኮቱን ከፍቼ «ከማዶው ጣሪያ ላይ ርግብ አለች» እለዋለሁ።

«ዐይኗስ?»

ካልለየሁት፣ አልለየሁትም እለዋለሁ።