የእማማ ዘይነባ ጋራ

ቅዳሜ ጠዋት ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ለሽምግልና ነበር። ፋብሪካ አብሮኝ የሚሠራው ሰይድ፣ ከገራዶ በላይ ጋራ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን እናቱን፣ እማማ ዘይነባን፣ ከክረምቱ በፊት ወደ እሱ ሊያመጣቸው ይፈልጋል። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ውሃ የሚቀዱት ደግሞ ከታች ከምንጩ ነው። «ጋራዋን ጥላ አትመጣም፤ አንተ አናግርልኝ» አለኝ። እኔም ሰው በማሳመን አልታማም።

ከሰይድ ጋር የተሳፈርንበት ሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ የምናገረውን በልቤ ደረደርኩ። ደሴ ላይ ብርዱ ተቀበለን። ትኩስ ሳምቡሳ በልተን የገራዶን መኪና ያዝን፤ ከዚያ በእግር ሆነ።

እማማ ዘይነባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ወሬው ይደርሳል» አሉኝ። «መጀመሪያ ጋራውን ውጡ። ሰይድ፣ አሳየው።»

አናቱ ላይ

ጋራው ከታች ሲያዩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሲወጡት ግን ያስለከልካል። በአንድ ወገን የገብስና የባቄላ እርከን ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በሌላው ጥቁር ገደል ነው፤ ጥንብ አንሳዎች ከእግራችን በታች ይበርራሉ። ከጫፉ ዝቅ ብሎ በአንድ ሸይኽ መቃብር ዙሪያ የቆሙ ጥዶች አሉ፤ መቃብሩን አክብሮ ማንም ምሳር አያነሳባቸውም። አናቱ እንደ አውድማ ለጥ ያለ ነው። ደሴን የጦሳ ተራራ ስለጋረዳት አትታይም፤ ጦሳን ከጀርባው ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አባቴ እዚህ ነበር የሚሰግደው» አለኝ ሰይድ። እንውረድ ባልኩት ቁጥር «ትንሽ ቆይ» ይላል።

ሽምግልናው

ወርደን ቀጥታ ጀመርኩ። «እማማ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ለጉልበትዎ...»

«እመጣለሁ» አሉ።

የደረደርኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ሰይድ ደነገጠ። «እማ፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«መች ጠየቅኸኝ? በመጣህ ቁጥር የምታወራኝ የጋራውን ማማር ነው። ወላሂ፣ ቤቱን ብዘጋው ይከፋሃል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። አሁንም ውጣ ያልኩህ እንድትሰናበተው ነው። እኔ ከተሰናበትኩት ቆይቻለሁ።»

ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንጀቴን በላው።

«አብሽር፣ ልጄ» አሉት።

መልስ

በማግስቱ ጎረቤቶች ዱዓ አድርገው ሸኙን፤ እማማን በበቅሎ እስከ መኪናው አወረድናቸው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ጋቢያቸውን አውልቀው ሙቀቱን አመሰገኑ። ሰውን ከማሳመን በፊት መጠየቅ እንደሚቀድም የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። እናቱን ላግባባ ሄጄ፣ መንገዱን ሙሉ ልጃቸውን ሳባብል መጣሁ።