ማንም ያልነቀፈው መወጣጫ

ሎውል ክሬብስ ጡረታ ወጥቷል የሚለውን ወሬ ሚስቱ ዋኔታ እስከ ዛሬ አላመነችም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በተጎታች ቤት ፋብሪካ በመሐንዲስነት ሲሠራ ቢያንስ ማታ ማታ ቤቱ ይገባ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ቁርሱን በልቶ ጋራዡ ውስጥ ይሰወርና ለምሳ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አይመጣም። ሲመጣም የብረት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ነስንሶ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ ነው። ዋኔታ ጠረጴዛው ላይ የምታነጥፈውን ጨርቅ ትታ ፕላስቲክ ማንጠፍ ከጀመረች ቆየች።

እዚያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው መወጣጫ ነው። የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ዋካሩሳና አካባቢዋ ተጎታች ቤት የሚመረትበት አገር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያመርት የኖረውም ሰው ጡረታ ሲወጣ አንዱን ለራሱ ይገዛና፣ ብርዱ ሲመጣ በትልቅ የጭነት መኪና እየጎተተ ወደ ደቡብ ይሸሻል። ቤቱን ከኋላ ይጎትታል፤ ገበያ የሚሄድባትን ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ መኪና ደግሞ ከጋቢናው ጀርባ አግድም ይጭናታል። ችግሩ እሷን እዚያ ላይ ማውጣቱ ነው። አብዛኛው ሰው በሁለት ጣውላ ነበር የሚያወጣት። የዛሬ አምስት ዓመት የጎረቤቱ የግሌን ጣውላ ተሰብሮ መኪናዪቱ በአፍንጫዋ ስትደፋ ሎውል እዚያው ቆሞ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ ሎውል ግን እሱን እንደሰደቡት ቆጠረው።

ፋብሪካ ሳለ የማይለቀው ልማድ ነበረው፤ አንድ ኪሎ ሊሸከም የታሰበን ነገር አራት ኪሎ እንዲችል አድርጎ ነው የሚነድፈው። ከእጁ የወጣ ነገር ተሰብሮ አያውቅም። የሠራት የወፍ ጎጆ ላይ ዋኔታ ራሷ ብትቀመጥባት ትችላታለች። መወጣጫውንም በዚያው ልክ ሠራው፤ ወፍራም ብረት፣ ወፍራም ቡሎን፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ብረት ተበይዶበት። የመጀመሪያውን ጥንድ፣ ለግራና ለቀኝ ጎማ አንዳንድ፣ ግሌን ወሰደ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። በአምስት ዓመት ዘጠኝ ጥንድ አደለ፤ ሁሉንም በነፃ።

የተቀበሉት ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነው። እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሎውል፣ ይሄማ ሥራ ነው» ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ቃል የተነፈሰ የለም። የዋካሩሳ ሰው ይሉኝታው ለጉድ ነው። ሾርባው ውስጥ ዝንብ ቢያገኝ ዝንቧን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አድርጎ፣ ሾርባውን ጨርሶ፣ ባለቤቲቱን አመስግኖ ይሄዳል። ሎውል እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀ ነውና ይህን ማወቅ ነበረበት። ግን ሰው ሲመሰገን ይወዳል፤ ሎውልም ሰው ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ቬልዳ ሮፕ ጋራዡ ድረስ መጣች። ቬልዳ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባሏ ዶይል በመጋቢት ሞቶባታል። ትልቁን የጭነት መኪና ከዶይል በተሻለ ትነዳለች፤ ዶይልም በሕይወት ሳለ ይህን ክዶ አያውቅም። ትንሿን መኪና መጫን ግን ሁልጊዜ የሱ ሥራ ነበር። አሁን ልጇ ከርት ሁሉንም ሸጣ እሱ ጋ እንድትገባ ይፈልጋል። በቤቱ ምድር ቤት አንድ ክፍል አዘጋጅቶላታል፤ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ሳይቀር ገጥሞ። ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ ተስማሙ። በጥቅምት ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ባለ ጭነት መኪናዎቹ ሁሉ ከጉዞ በፊት በሚሰባሰቡበት ሜዳ፣ ማንም ሳያግዛት ትንሿን መኪና ብቻዋን ከጫነች ወደ ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ትሄዳለች። ካቃታት ቁልፉን ለከርት ታስረክባለች።

«ክፍሉ ደህና ክፍል ነው» አለችው ለሎውል። «መስኮትም አለው። የሚያሳየው የከርትን የሣር ማጨጃ ነው።»

ሎውል ሆዱ ባባ። አሥረኛውን ጥንድ አወጣላት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው አንዱን በትልቁ መኪናዋ ላይ ጫኑት፤ ሌላውንም እንደዚያው። ሁለቱም አለከለኩ። ሎውል በአየሩ አሳበበ። «ይሄማ ሥራ ነው» አለች ቬልዳ ትንፋሿ ሲመለስ፤ እሱም ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ቅዳሜው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሎውል የተሻለ ቡሎን አግኝቶ ኖሮ ለግሌን ሊገጥምለት ሳይደውል ሄደ። በዚያ አገር ሳይደውሉ ሰው ቤት አይኬድም፤ ለምን እንደማይኬድም ያን ቀን ገባው። ከመወጣጫዎቹ አንዱ የፍየሎቹ በረት በር ላይ ተደግፏል። ፍየሎቹ በሰልፍ ይወጡበታል። አንዷ መሃሉ ላይ ቆማ ታመሰኳለች፤ የምትወርድም አትመስልም።

ግሌን ከቤት ሲወጣ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «በጣም ጠንካራ ነው» አለ።

«ሌላኛውስ?»

«ሌላኛው ጓሮ ነው። ቦዩ ላይ ድልድይ አድርጌዋለሁ። ትራክተር ያሻግራል፣ ሎውል።»

«መኪናህንስ በምንድን ነው የምትጭናት?»

«በጣውላ» አለ ግሌን የጫማውን አፍንጫ እያየ። «ወፈር ያለ ጣውላ ነው።»

ከዚያ በኋላ የቀረውን ማውጣት ከባድ አልነበረም። ሎውል ስም ይጠራል፣ ግሌን ያ መወጣጫ የት እንደገባ ይናገራል። አንዱ ጥንድ የጀልባ ማቆሚያ ሆኗል፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ለእሑድ ምሳ መደርደሪያ ሆኖ ያገለግላል። መኪና የሚጫንበት አንድም የለም። ሁሉም ይወዱታል፤ የሚያነሳው ጠፋ እንጂ።

ሎውል ቅስሙ ተሰብሮ ቤቱ ገባ። ዋኔታ ድንች እየላጠች ነበር። ታውቂ ነበር ወይ ብሎ አፋጠጣት፤ እሷም ቢላዋዋን ሳታቆም፣ የፍየሎቹን ከሁለት ዓመት ጀምሮ እንደምታውቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ላይም የኑድል ድስቷን ራሷ እንደምታስቀምጥ ነገረችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሠራህ ቁጥር 'አያምርም?' ነው የምትለኝ። ያምራል እልሃለሁ። ያምራልም።»

ሎውል ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ሲል ቬልዳ ትዝ አለችውና ኮቱን መልሶ ለበሰ።

ቬልዳ ተጎታች ቤቷን አስቀድማ ሜዳው ላይ አቁማ ነበር። ሎውል ሲደርስ መወጣጫዎቹ ከትልቁ መኪና አጠገብ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ሣሩ በጎተተቻቸው መስመር ሁሉ ተቦጭቋል፤ ቀኝ እጇም በጨርቅ ተጠቅልሏል። አሥር ቀን ሞክራ አንዱንም ጫፍ መኪናው ላይ አላደረሰችውም። እሱን ስታይ ግን ፈገግ አለች። መወጣጫው ግሩም እንደሆነ፣ ጥፋቱ የእሷ አለመልመድ እንደሆነ፣ እስከ ቅዳሜ እንደምትለምደው ገና ሳይጠይቃት ነገረችው። ከዚያ የክሬም ፓይ ቆረሰችለት። እምቢ ማለት አይታሰብምና በላ።

ከበላ በኋላ ባልዲ ውሃ ሞልቶ እስከ መኪናው ወለል ከፍ እንድታደርገው ጠየቃት። ጥርሷን ነክሳ አነሳችውና አይከብድም አለች። ግማሹን ደፋው። አሁንም አይከብድም አለች፤ ግንባሯ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ሎውል ይህች ሴት ክንዷ ቢገነጠል እንኳ አይከብድም እንደምትል ገባው።

«ቬልዳ» አላት፤ «መኪናዋን ለክቻለሁ። የወለሉን ከፍታ ለክቻለሁ። የሚያነሳውን ሰው ግን አልለካሁም፤ ሞኝ ነኝ። አሁን እውነቱን ካልነገርሽኝ ቅዳሜ ከርት ቁልፉን ይወስዳል፤ እኔም ለፍየል መወጣጫ ስሠራ እሞታለሁ።»

ቬልዳ ባልዲውን አስቀመጠች። ጎረቤት የሚሰማት ይመስል ግራ ቀኙን አየች። «ከባድ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ቀጥይ።»

«አውሬ ነው። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። የሚያዝበት ቦታ እንኳ የለውም፤ ምን አስበህ ነው? ዶይል በጉብዝናው ዘመን አያነሳውም ነበር። የመጀመሪያውን ቀን እዚህ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ እንዳትቀየመኝ ብዬ እንባዬን ጠርጌ የምስጋና ካርድ ጻፍኩልህ።»

«ካርዱ ደርሶኛል» አለ ሎውል።

እርሳሱን አውጥቶ ሁሉንም ጻፈ፤ ጠርዙን፣ መያዣውን፣ ከዚያም ውሃውን እየቀነሱ ቬልዳ በእውነት አይከብድም ያለችበትን ኪሎ። ዘጠኝ ሆነ። አንዱ መወጣጫ ብቻውን አርባ አንድ ኪሎ ነበር። ሎውል ማፈር ነበረበት፤ አፍሯልም። ግን ደግሞ ደስ አለው። ስለ መወጣጫው ሰው ከልቡ ሲያወራለት በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐሙስና ዓርብን በሥራ አሳለፈ። ብረቱን በአሉሚኒየም ተካ። እያንዳንዱን መወጣጫ ለሁለት ከፍሎ በመቀርቀሪያ የሚገጣጠም አደረገው፤ መገጣጠሚያው ሥር እግር አቆመለት፣ ጎኑ ላይ መያዣ ቀደደለት። ያቺን አራት እጥፍ የምትለውን ልማዱን ወደ ሁለት እጥፍ ሲያወርዳት ግን ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እንደነቀሉት ሆነ። ዋኔታ እያንዳንዱን ቁራጭ እያነሳች እንድትነቅፍ አዘዛት። እሷም ሃምሳ ዓመት ያጠራቀመችውን አወጣችው፤ ስለ መወጣጫው ስትጨርስ ስለ ወፍ ጎጆው ቀጠለች፣ ከዚያም በሠርጋቸው ዓመት ስለሠራላት፣ እስከ ዛሬ ማንም ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ስላልቻለው አልጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ሞላ። ሁሉም የወረቀት ኩባያውን ይዞ ሌላ ቦታ የሚያይ እየመሰለ ቬልዳን ያያል። ከርት ቤተሰቡን ትቶ ለብቻው ቆሟል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እናቱን የሚወድ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ቬልዳ ሎውል ያደረሰላትን አራት ቁራጮች አንድ በአንድ አወረደች፣ ገጣጠመች፣ ጫፋቸውን መኪናው ላይ ሰቀለች። ሎውል እጁ እየበላው ኪሱ ውስጥ ጨበጠው።

ትንሿ መኪና መውጣት ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ አሉሚኒየሙ ሁለት ጣት ያህል ጎበጠ። ሎውል እንደሚጎብጥ አስልቶ ያውቅ ነበር፤ ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። የሠራው ነገር ሲጎብጥ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ መኪናዋ ከጋቢናው ጀርባ አግድም ቆማለች፤ ቬልዳም በሩን ከፍታ እየወረደች ነው።

«አንድ ጊዜ ዕድል ሊሆን ይችላል፣ እማዬ» አለ ከርት።

ቬልዳ መልሳ ተሳፈረች፣ አወረደቻት፣ እንደገና አወጣቻት። ከዚያ መወጣጫዎቹን ነቅላ፣ ለያይታ፣ ቦታቸው ላይ ከታ እጇን ጠረገች። ከርት ወደ እናቱ ሄደ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምንጣፉን ለሱቁ ልመልሰው?» አላት።

«ተወው» አለችው ጉንጩን እየዳበሰች። «ለገና መጥቼ ክፍሉ ውስጥ እተኛለሁ።»

ሰኞ ዕለት ሄደች። ሎውል ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ጋራዡ ውስጥ ቢውልም ምንም አልሠራም። ቬልዳም ያው የዋካሩሳ ሰው ናት፤ እዚያ መንገድ ላይ መወጣጫውን የሆነ ቦታ ጥላ፣ ጣውላ ገዝታ፣ የምስጋና ካርድ እየጻፈችለት እንደሆነ በምን ያውቃል? ዋኔታ ደውልላት አለችው። ብደውል 'መልካም ነው' ነው የምትለኝ ብሎ እምቢ አለ።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ላይ ስልኩ ጮኸ። ቬልዳ ናት፤ አርካንሳስ ደርሳለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አላቀረበችም።

«ሎውል፣ እነዚህን መቀርቀሪያዎች የነደፍካቸው ጣት ለሌለው ሰው ነው? የግራው ጠዋት ጠዋት ስጭን አልገባ እያለ በድስት ክዳን ነው የምቀጠቅጠው። የቀኙ ደግሞ ስነዳ ሲንጫጫ ይውላል። በየቀኑ ነው፣ ሎውል። በየቀኑ ከሱ ጋ እጣላለሁ።»

ሎውል የስልኩን አፍ በእጁ ሸፈነው።

«ምን ትላለች?» አለች ዋኔታ።

«አልወደደችውም» አለ፤ ድምፁ በደስታ እየተቆራረጠ። «ሁለቱንም መቀርቀሪያዎች አልወደደቻቸውም።» ከዚያ ሳህኑን ገፋ አደረገ፣ ወረቀት ሳበ፣ ስልኩንም ወደ ጆሮው መለሰ። «እሺ ቬልዳ» አለ። «ከግራው እንጀምር።»