በአትክልት ጎጆ የቀረው ሱምባላ

ጥር 14 ቀን 1975 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት፣ ጄኔቫ ውስጥ በሮን ወንዝ ዳር ካሉት የአትክልት ጎጆዎች በአንዱ ውስጥ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ድስት ተገኘ። በድስቱ ውስጥ የኔሬ ዘር ነበረበት። ኔሬ የምዕራብ አፍሪካ ዛፍ ነው። ዘሩ ተቀቅሎ፣ ገለባው ተፈትጎ ከወጣ በኋላ በሙቀት ሦስት ቀን ሲብላላ ሱምባላ የሚሉት የወጥ ማጣፈጫ ይሆናል። የዚህ ድስት ዘር ሁለተኛ ቀኑን ገና አልጨረሰም። መጣበቅ ጀምሯል፣ አልጠቆረም። ከድስቱ አጠገብ እኅቴ ሸዋረጋ ዱካ ላይ እንደተቀመጠች ግድግዳውን ተደግፋ ሞታ ነበር።

ሥራዬ ሰነድ መጠበቅ ነው። ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን ከሰማሁበት ሰው ጋር አስቀምጣለሁ። የማላውቀውን አልሞላም።

እኅቴ ወደ ጄኔቫ የመጣችው በ1967 ዓ.ም. ነው። አንድ የኤምባሲ ጸሐፊ ከነቤተሰቡ ሲመጣ ወጥ እንድትሠራለት ይዟት መጣ። ያኔ አሥር ዓመት የሆናትን ልጇን የወይንሐረግን ጉለሌ አክስታችን ዘንድ ተወቻት። «ሁለት ዓመት ነው፣ እመለሳለሁ» ብላ ነበር። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ጸሐፊው ወደ አገር ቤት ተጠራ፤ አልመለስም ብሎ ወደ ካናዳ ሄደ። በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት የልጅቷን አባት ከቤቱ ወሰዱት። የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ መመለስ መነጋገር ቀረና ወሬው ሁሉ ልጅቷን ስለ ማውጣት ሆነ።

ሸዋረጋ ግራንድ ሳኮኔ የሚኖር አንድ የላይኛው ቮልታ ሰው ቤት ወጥ ቤት ሆና ተቀጠረች። ሰውየው የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ነው። ቤቱን የምትገዛው ሚስቱ ማዳም ሳናታ ነበረች። ማዳም ሳናታ ሱምባላ የሌለበትን ወጥ «ሳህን የታጠበበት ውሃ» ትለዋለች። ሱምባላውን እናቷ ከአገር ቤት እያደረቀች ትልክላት ነበር፤ እናቷ ስትሞት ተቋረጠ። መንገደኛ የሚያመጣው ጥሬውን ዘር ብቻ ሆነ። ማዳም ሳናታ ራሷ ሠርታው አታውቅም። «እኔ የማውቀው ሽታውን ነው» አለቻት እኅቴን፣ «የቀረውን አንቺ ድረሽበት።»

እኅቴ የእናታችን የሲልጆ እጅ ነበራት። ስለዚህ ዘሩንም እንደ ሲልጆ ያዘችው። ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀመጠችው፣ ጎመዘዘ፣ ደስ ብሏት ይዛ ሄደች። ከዚያ የሆነውን ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ማዳም ሳናታ።

«ሱምባላ ነዋ፣ ማዳም።»

«ይሄማ ጎምዝዟል። ሱምባላ አይጎመዝዝም፣ ይከረፋል። ጎረቤት መስኮቱን ሲዘጋ ያኔ ደርሷል ማለት ነው።»

«በእኛ አገር የከረፋ የሚያቀርብ ሰው ከማኅበር ይባረራል።»

«በእኛ አገር ደግሞ የጎመዘዘ የምታቀርብ ሴት ትፈታለች። ሂጂና ድገሚው።»

ደገመችው። ጨው የለ፣ ሰናፍጭ የለ። የተፈተገውን ዘር ሙቅ እንዳለ ድስት ውስጥ አድርጋ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ሌ ሊኞን ባለው ቤቷ ከማሞቂያው ሥር አስቀመጠችው። በሦስተኛው ቀን ማዳም ሳናታ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ከዚያ «እናቴን አመጣሽልኝ» አለቻት። ግራንድ ሳኮኔ ባለው ቤት ግን ማብላላት አይቻልም ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩበትን ቤት በዚሁ ሽታ አስለቅቀዋቸዋል። ስለዚህ ሱምባላው ሁልጊዜ የሚሠራው እኅቴ ቤት ሆነ።

በ1974 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም አንዱን ድቡልቡል ሱምባላ ሽሮ ውስጥ ጨምራ ለማኅበራችን ምሳ አመጣች። እኔም ለዚያ ከዙሪክ በባቡር ሄጄ ነበር። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ወልደሥላሴ በንጉሡ ጊዜ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሸዋረጋ፣ ይሄ ሽሮ ቋንጣ ገብቶበታል።»

«አልገባበትም፣ ጋሼ።»

«እኔ ቋንጣ አላውቅም? ይህን ሁሉ ዘመን ፈርጄ ውሸትስ አላውቅም?»

«ቋንጣና ውሸት ባንድ ችሎት ነው እንዴ የሚታዩት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በጾም ሥጋ አበላች መባል ቀልድ አይደለም። ከቦርሳዋ የተጠቀለለውን ሱምባላ አውጥታ አፍንጫቸው ሥር ፈታችው።

«በስመ አብ! ክደኚው፣ ክደኚው እባክሽ! ይሄን በልቼ ከሆነማ የገደፍኩት ጾሜን ሳይሆን ዕድሜዬን ነው!»

«ዘር ነው፣ ጋሼ። ከዛፍ የወረደ፣ ደም የሌለው።»

አቶ ወልደሥላሴ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሳህናቸውን ዘረጉላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በማኅበሩ «ወይዘሮ ክርፋት» ትባል ነበር፤ ስሙን ያወጡላት እሳቸው ናቸው።

የወይንሐረግ በዚያው ዓመት ክረምት በድሬዳዋ በኩል አድርጋ ጅቡቲ ገባች። እኅቴ ልጇን ለማስመጣት አመለከተች። የተጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፣ ቋሚ ሥራና ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት። ልጅቷም ሚያዝያ 1975 ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል፤ ከሞላት በኋላ በእናቷ ስም መግባት አትችልም። ፈቃዱ ታኅሣሥ ላይ መጣ፤ ጉዞውም ለየካቲት መጀመሪያ ተያዘ። ልጅቷ እስክትገባ ድረስ ሥራው ወይም ቤቱ ከጠፋ ግን ፈቃዱ ይሰረዛል።

ፈቃዱ ከመምጣቱ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ ሁለት ፖሊሶች የእኅቴን በር አንኳኩ። የፎቁ ጎረቤት «እዚያ ቤት ሰው ሞቷል» ብሎ ደውሎ ነበር።

«ማዳም፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት?»

«ለጊዜው።»

ፖሊሶቹ ቁም ሣጥኑን ከፈቱ፣ አልጋው ሥር አዩ። እሷ ድስቱን ገለጠችላቸው። አንደኛው ኮሪደር ወጥቶ ቆመ። ሌላው «ይሄ ይበላል?» ብሎ ጠየቃት። «በደንብ» አለችው። ፖሊሶቹ ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ረዢ የሚሉት፣ ግን ደብዳቤ ጻፈላት። አንድ አቤቱታ ከተጨመረ ውሉ ይፈርሳል።

ጥር ሲገባ፣ ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን ወዳለው ቤቴ ስልክ ደወለችልኝ።

«ኅሩይ፣ እስቲ የተማርከው አንተ ፍረድ። ማዳም ካልከረፋ ሥራ የለሽም ትለኛለች፣ ረዢው ከከረፋ ቤት የለሽም ይለኛል።»

«እስከ የካቲት ሱምባላውን ተዪው።»

«እስከ የካቲትማ የማዳም ባል እኅት ወጥ ቤቱን ትረከበዋለች። ከገና ጀምራ እዚያው ቤት ናት፣ ሻንጣዋንም አልፈታችም፣ እኔ እስክወጣ ነው የምትጠብቀው። አንድ ሱምባላ ብቻ ነው የሚያቅታት።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልጄ እስክትገባ ነው እንጂ! ከገባች በኋላ ሁለታችንንም ያባርሩን፣ አብረን እንባረራለን።»

መፍትሔውን ያገኘላት የሕንፃው ዘበኛ ሙሴ ሬናቶ ነው። ጣሊያናዊ ነው፣ በወንዙ ዳር ትንሽ አትክልትና የእንጨት ጎጆ አለው። «እዚያ አብላዪው» አላት፣ «ሽንኩርቴ አይከስሽም።» ማዳም ሳናታ ለልጅ ልጇ የስም ማውጫ ድግስ ለእሑድ ጥር 15 ጠርታ ነበር። ስለዚህ እኅቴ ረቡዕ፣ ከጥምቀት ቅዳሴ መልስ፣ ዘሩን ቀቅላ አሳደረች። ሐሙስ ጠዋት ፈትጋ፣ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ጎጆው ወረደች። ከድስቱም ጋር በሙሴ ሬናቶ የብረት ምጣድ ላይ ጥቂት ከሰል ይዛ ነበር፤ ጎጆው ማሞቂያ የለውም።

የሚቀጥለውን የነገረኝ ሙሴ ሬናቶ ነው። ዓርብ ጠዋት ዘሩ መሽተት ሲጀምር፣ የአጎራባቹ አትክልት ባለቤት አፍንጫውን ይዞ መጣ። ሰውየው የሚኖረው ሌ ሊኞን፣ እዚያው ሕንፃ ነው።

«እዚህም መጣሽ?»

«ነገ ይደርቃል፣ ሙሴ። ነገ አይኖርም።»

«ከአሁን በኋላ አንዴ ከሸተተኝ ለረዢው እደውላለሁ።»

ዓርብ ማታ ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ተነሣ። ዘሩ ከቀዘቀዘ ይጎመዝዛል፤ ከጎመዘዘ የእሑዱ ድግስ የለም። እኅቴ ከሰሉን አያያዘች። በእንጨት ጎጆ ውስጥ እሳት ጥሎ መሄድ ስለማይቻል አጠገቡ ተቀመጠች። ሽታው እንዳይወጣ መስኮቱን ዘጋች፣ የበሩን ክፍተት ከውስጥ በነጠላዋ ወተፈችው።

ከሰል እንደሚመታ እኅቴ ታውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከሰሉ ሳይነጣ ማንደጃውን ቤት ስላስገባሁ በጥፊ ያጠናገረችኝ እሷ ናት። ይህን ያወቀች ሰው በሩን ለምን ወተፈችው ብለው የጠየቁኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ፖሊሱ ነው። ሁለተኛው አቶ ወልደሥላሴ ናቸው። እሳቸው የጠየቁኝ ለብቻ ጠርተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ራሷን ያጠፋች ከሆነ ካህኑ አይፈታትም። ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠሁ፣ ሽታውን ልታስቀር ነው የወተፈችው አልኩ። ፖሊሱ ጻፈ። አቶ ወልደሥላሴ «ክደኚው ያልኳት እኔ ነኝ» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፍትሐቱ ተደረገላት። ማዳም ሳናታ ቀብሩ ላይ መጣች፤ የድግሷን እንግዶች መልሳቸው ነበር።

ፈቃዱ ተሰረዘ። የቆመው በእናትየው ስም ነው፤ እናትየው የለችም። እኔ ከዙሪክ አመለከትኩ፤ አጎት ወላጅ አይደለም ተባልኩ። ይግባኝ አልኩ፤ መልሱ ሲመጣ ሚያዝያ አልፎ ነበር። የወይንሐረግ የእናቷን ሞት በስልክ የሰማችው ከእኔ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ጅቡቲ ግን ማልዶ ሄዶ የሚያረዳልኝ ዘመድ አልነበረኝም። የመጨረሻው ደብዳቤዋ በ1976 ዓ.ም. ሰኔ ደረሰኝ። ስደተኞችን በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሊመልሱ ነው የሚል ወሬ መኖሩን ጽፋ ነበር። ይህን እስከምጽፍበት እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ሌላ የማውቀው የለም።

የቀረው ዓርብ ከቀትር በኋላ ያደረገችው ነው። በዚህ አገር በፖስታ ሣጥኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ደብዳቤ አይደርሰውም፤ እኅቴ ይህን ለልጇ ልታሰናዳ ፈልጋለች። ከአትክልቱ ወጥታ ቁልፍ የሚቀርጽ፣ ጫማም የሚጠግን ሰው ሱቅ ሄደች፤ የእሷና የልጇ ስም ያለበት አዲስ የሣጥን ሰሌዳ ልታስቀርጽ ነው፤ ይህን የነገረኝ ሠራተኛው ራሱ ነው። የብረቱ ሰሌዳ ለሁለት ስም ጠባብ ነው። ሠራተኛው የልጅቷ ስም እጅግ ስለረዘመ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ልጻፍ አላት። እሷም ፊደሉ ይነስ እንጂ ስሙ አይቆረጥም አለችው። ሲጨርስ አንድ በአንድ ከወረቀቷ ጋር እያስተያየች አነበበችው፤ አንድ ፊደል ተሳስቶ ስለነበር አስደገመችው። ከዚያ ወደ ሕንፃው ተመልሳ ሙሴ ሬናቶን ጠራችው። እሱ አሮጌውን ሰሌዳ ነቅሎ አዲሱን ገጠመ። «በቀኝ በኩል ትንሽ ዘቅዝቋል» አለችው፤ አላልቶ አቀናው። ብሎኖቹን ሲያጠብቅ አሮጌውን ሰሌዳ ተቀበለችውና ኮት ኪሷ ከተተችው።