ዋና የማይችሉ እጃቸውን ያውጡ

ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ምዕራብ ሐረርጌ፣ ጭሮ ከተማ ተወልዶ፣ ጭሮ አድጎ፣ ጭሮ ያስተማረ ሰው ባሕር የሚያይበት ምክንያት የለውም። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ሲመጣ ጀሪካን ተሸክመን የምንሯሯጥ ሰዎች ዋና የት እንማር? በሰፈራችን ጥልቅ የሚባለው ውሃ የጎረቤቴ በርሜል ነው።

ሆኖም በየዓመቱ፣ ምዕራፉ ሲደርስ፣ ስለ ኮራል አስተምር ነበር። በመማሪያ መጽሐፉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነበረች፤ አበባ ጎመን ትመስላለች። እሷን ከፍ አድርጌ ይዤ «ኮራል ድንጋይ ይመስላል፣ ተክል ይመስላል፣ ግን እንስሳ ነው» እላለሁ። በየዓመቱም አንድ ተማሪ አይጠፋም፣ «መምህር፣ እርስዎ አይተውት ያውቃሉ?» የሚል። «ሳይንስ ማየት ብቻ አይደለም» እመልሳለሁ። ይህ መልስ አስተማሪ ጠመኔ እስከያዘ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

አጋጣሚው የመጣው በልጃችን በኩል ነው። ልጃችን መርከብ ላይ ተቀጥራ ትሠራለች። ዕቃ የሚጫንባት መርከብ አይደለችም፤ ሰው ለመዝናናት የሚሳፈርባት፣ ሆቴል ተሸክማ የምትዞር መርከብ ናት። ሠራተኞቿ ወላጆቻቸውን በቅናሽ እንዲጋብዙ ስለሚፈቀድ፣ ልጃችን እኔንና እናቷን ቀይ ባሕር ላይ ለአንድ ሳምንት ልታዞረን ወሰነች። ወሬውን መጀመሪያ የነገርኩት ለጫት ነጋዴው ጎረቤቴ ነው። እንደ ብዙው የከተማችን ሰው ኦሮምኛና አማርኛ እያደባለቀ ነው የሚያወራው፤ እኔንም መምህር ለማለት «በርሲሳ» ነው የሚለኝ።

«መርከቧ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለኝ።

«የትም። ዞራ ዞራ እዚያው የተነሳችበት ትመለሳለች።»

«ምን ጭና?»

«ሰው።»

«ሰውየው እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነሳና እንደገና ይበላል።»

ትንሽ አሰበና፣ «ወላሂ በርሲሳ፣ ይሄማ ጭሮም ይቻላል» አለኝ።

ባለቤቴ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ጭሮ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት፤ በገበያ ቀን በአቅራቢያችን ወዳሉት መሰላና ቦኬ ጨርቋን አስጭና ትወርዳለች። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። በቤታችን የማወቅ ሥራ የኔ ነው፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የእሷ ነው። ለጉዞው ስንዘጋጅ እኔ ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር ገዝቼ የማያቸውን የባሕር ፍጥረታት ስም በተራ ጻፍኩ፣ ያየሁትን እያየሁ ምልክት ላደርግበት። እሷ ቆሎና በሶ አዘጋጀች። «መርከቧ ላይ ምግብ ሞልቷል» ብላት፣ «አይተኸዋል?» አለችኝ።

ከጭሮ በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ግብፅ ደረስን። ፓስፖርት የሚመለከተው ሰው ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ሲያይ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ጊዜ እኛን፣ አንድ ጊዜ ሻንጣችንን ተመለከተ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ውሃቸውን ይዘን የመጣን መሰላቸው እንዴ?» አለች።

መርከቧ ላይ የገጠመን የመጀመሪያው ነገር ባሕር ሳይሆን ልጃችን ናት። በስልክ ስንጠይቃት ሥራዋ «መስተንግዶ» እንደሆነ ነበር የምትነግረን። በተሳፈርን በማግስቱ ጠዋት በር ተንኳኳ፤ ስንከፍት ሰማያዊ ልብስ ለብሳ፣ ፎጣና አንሶላ የተከመረበት ጋሪ እየገፋች ቆማለች። የእኛን ክፍል የምታጸዳው እሷው ነበረች። ግራና ቀኝ አይታ፣ ሰው አለመኖሩን ስታረጋግጥ፣ ገብታ ሳመችን። እናቷ አንሶላውን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ፣ «እማዬ፣ እዚህ እንግዳ ናችሁ፤ ቁጭ በሉ» አለቻት።

ባለቤቴ ቁጭ በይ ሲሏት የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇ ከመምጣቷ በፊት ተነስታ አልጋውን ታነጥፋለች፣ መታጠቢያ ቤቱን ትፈትጋለች፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። ልጃችን መጥታ በር ላይ ቆማ፣ «እማዬ!» ትላታለች፤ እናቷ መልስ አትሰጣትም። በሦስተኛው ቀን አለቃዋ ክፍሎቹን ሲቆጣጠር የእኛን አይቶ ተደነቀ። ሌሎቹን ሠራተኞች ጠርቶ «ክፍል ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አሳያቸው። ልጃችን በእናቷ ላብ ተመሰገነች፤ እናቷም ለዕረፍት መጥታ ሥራ አገኘች።

ኮራሉን የምናይበት ቀን ዓርብ ዋለ። መርከቧ ከአንድ ደሴት ራቅ ብላ ቆመች፤ እኛን በትንንሽ ጀልባ አወረዱን። ፀሐይ ፊቱን ያጠቆረው አስጎብኚ ወጣት በእንግሊዝኛ ጮኸ፤ ባለቤቴ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ዋና የማይችሉ እጃቸውን ያውጡ ነው የሚለው።»

ሳታስጨርሰኝ እጇን ወደ ሰማይ ሰደደች፣ ሽልማት የሚሰጡ ይመስል። እኔ የኔን እስከ ጆሮዬ ብቻ አነሳሁት። ሠላሳ ዓመት ሌላውን እጅ አስወጥቼ ኖሬ፣ ራሴ ሳወጣ መክበዱን ያወቅኩት ያኔ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ ዓይኑ ላይ መነጽር፣ እግሩ ላይ የዳክዬ እግር የመሰለ ጎማ አጥልቆ ዘሎ ገባ። እኛንና አንዲት ከዘራ የያዙ የውጭ አገር አሮጊት ወደ ሌላ ጀልባ መሩን። የዚህኛው ጀልባ ወለል መሐሉ ላይ በር የሚያህል ወፍራም መስታወት ተገጥሞበታል፤ በዙሪያው አግዳሚ ወንበር አለ። ቁጭ ብለህ በእግሮችህ መካከል ባሕሩን ታያለህ።

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ። ጀልባዋ ተነሳች። ከዚያ የተፈጠረውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ማዕበል አልነበረም፤ ውሃው ጀልባዋን እሹሩሩ እንደማለት ብቻ ነው ያደረጋት። እኔን ግን አጥወለወለኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ አንድም ዓሣ ሳላይ አስመለሰኝ። አስጎብኚው እንደለመደው ሁሉ ፌስታል ሰጠኝና ወደ ኋለኛው ወንበር ወስዶ በጀርባዬ አስተኛኝ። አሮጊቷ ከዘራቸውን በአየር ላይ እየነቀነቁ አዘኑልኝ። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ነገር ከጀርባዬ ሥር ሲያልፍ እኔ ሰማይ አያለሁ። ሰማዩ የጭሮ ሰማይ ነው፤ ምንም ልዩነት የለውም።

ያን ጊዜ ባለቤቴ መናገር ጀመረች።

«መምህር፣ አንዱ መጣ! ቢጫ ነው፣ ጥቁር ጥለት አለው።»

«ጥለቱ ወደ ጎን ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች። እንደ መጋረጃ። ኧረ ይሄኛው ደግሞ ሺቲ የለበሰ ነው የሚመስለው! አረንጓዴና ወይን ጠጅ፣ ስስ ሆኖ የሚያብረቀርቀው፣ የቦኬ ሴቶች የሚወዱት ዓይነት።»

«አፉ የወፍ ምንቃር ይመስላል?»

«አዎ! በምን አወቅክ?»

«የበቀቀን ዓሣ ነው። ኮራሉን እየፈጨ ይበላል፤ የፈጨውን መልሶ የሚጥለው ነጭ አሸዋ አድርጎ ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ሰዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው የተኙበት ነጩ አሸዋ?» አለችኝ።

«አብዛኛው እሱ ነው።»

እንደዚያን ቀን ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። አሮጊቷም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ። ከዚያ በኋላ እሷ በጨርቅ ቋንቋ ትነግረኛለች፣ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ስሙን እነግራታለሁ። ሹራብ የመሰለውን፣ ዳንቴል የመሰለውን፣ የተተረተረ ስፌት የመሰለውን። በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳራችን የማስተምረውን ነገር ጠይቃኝ አታውቅም ነበር፤ እኔም የምትሸጠውን ጨርቅ ስም አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ እጄን ዘርግቼ፣ ሳላይ፣ ምልክት አደረግሁ።

ድንገት «ኧረ ተነሥ! ይሄንን ሳታይማ አትሄድም!» አለችኝ። «ከሁሉም የሚያምረው ይሄ ነው። ነጭ! ታጥቦ የተሰጣ አቡጀዲ ነው የሚመስለው።»

ትከሻዋን ይዤ ተነሣሁ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ በመስታወቱ ውስጥ አየሁ። ከሥራችን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ የተደራረበ ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ሥጋው የሌለ አጥንት ይመስላል። ዓሣ እንኳን አይዞርበትም። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራል ቀለሙን ያጣል፣ ሙቀቱ ካልበረደም ይሞታል፤ ይህን በመጨረሻዎቹ የማስተማር ዓመቶቼ ከአዲሱ መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር።

«ያምራል አይደል?» አለችኝ።

ፊቷን አየሁት። በጾም ምድር፣ ከማለዳ ጀምሮ ክፍል ስታጸዳ ቆይታ፣ ያን ያህል ደስ ብሏታል።

«ያምራል» አልኳት፣ ተመልሼም ተኛሁ።

ጭሮ ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ ባሕሩን በየገበያው አዞረችው። ሱቋ በር ላይ፣ መሰላ፣ ቦኬ፣ የሰንበቴ ማኅበሯ ውስጥ። እኔ በማኅበሩ ጓሮ ጥግ ተቀምጬ የበቀቀን ዓሣ ምን እንደሚበላ ከራሷ አፍ ስሰማ ቆየሁ። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጧታል። የምትጨርሰውም ሁልጊዜ በነጩ ነበር፤ «ሌላውን ተዉት፤ ነጩን ብታዩት!» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዳቦዬን እቆርሳለሁ።

ከወር በኋላ በእኔ ቦታ የተመደበው ወጣት የባዮሎጂ መምህር፣ ከደቡብ መጥቶ የሚያስተምር ትሑት ልጅ፣ ለተማሪዎቹ እንድናገር ጋበዘኝ። ባለቤቴም ልስማህ ብላ መጣችና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ደብተሬን ዘርግቼ፣ ድምፄን ሞርጄ፣ እያንዳንዱን ዓሣ ከነቀለሙ ዘረዘርኩ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር፤ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን እስክታወጣ ድረስ።

«መምህር፣ እርስዎ በዓይንዎ ያዩት የትኛውን ነው?»

ጠመኔ በእጄ የለም። ኋላ ያለችው ሴት እያየችኝ ነው።

«በዓይኔ ያየሁት የሞተውን ብቻ ነው» አልኩ። «ሌላውን ያየችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር።» ነጩ ኮራል ምን እንደሆነ፣ ውሃው ሲሞቅ ምን እንደሚደርስበትም አስረዳኋቸው። ልጆቹ ጻፉ። ባለቤቴ ወለሉን አየች።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱን እንደጨረስን ቆም አለች።

«ነጩ ሞቶ ነው?»

«ሞቷል። ወይም እየሞተ ነው።»

«ያምራል አልከኝ።»

«ደስ ብሎሽ ነበር።»

«መምህር፣ እኔ ቀዳዳ ያለውን ጨርቅ ቀዳዳውን ሳላሳይ ሸጬ አላውቅም።»

ይህን ብላ ጥላኝ ሄደች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከዚያ ያስተላለፈችውን ወሬ ሁሉ መሰብሰብ ያዘች። ሱቋ በር ላይ፣ መሰላ፣ ቦኬ፣ ሰንበቴው ውስጥ፣ ሰው በሰው እየዞረች፣ «ነጩ የሞተው ነው፤ መምህሩ እያወቀ ደብቆኝ ነው» አለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ምዕራብ ሐረርጌ ሁሉ ስለ ኮራል ከነስህተቴ ተማረ። በሠላሳ ዓመት ያን ያህል ተማሪ አልነበረኝም።

አንድ ምሳ ሰዓት ከሱቋ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከሚኤሶ የመጣች ደንበኛዋ፣ በድርቁ ከብቶቿን የጨረሰች ሴት፣ ወሬውን ሰምታ፣ «ውሃ ውስጥ ያለውንም ሙቀት ይገድለዋል?» ብላ ጠይቃታለች።

«ነጩ ይመለሳል ወይ ትላለች፤ ምን ልበላት?» አለችኝ ባለቤቴ።

ደብተሬን አነሣሁ፤ እዚያ ውስጥ ያለው የስም ዝርዝር ብቻ ነው። አስቀመጥኩት። «ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ የተወሰነው ይመለሳል» አልኳት። «ከቆየ አይመለስም። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው።»

«ይሄው ነው? ያልነገርከኝ የለም?»

«የለም።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለሴትዮዋ እንዳለ ነገረቻት። ማታ ስትመጣ ምን አለች ብዬ ጠየቅኋት።

«ኢንሻ አላህ አለችና አረንጓዴና ወይን ጠጁን ሺቲ ገዛች።»