ልበ ብረቱ ታካሚ

ሰውዬው ወደ ምርመራ ክፍሉ ሲገባ ሽቶው ቀደመው፤ ነርሷን ገና ሳያናግራት ቀፈፋት። አንጀቱ እየቆሰለ፣ ተቅማጥ በድንገት እያጣደፈው ዓመታት ያስቆጠረ ታካሚ ነው። ሐኪሙ የላከው፣ በሽታው ልብንና የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩትን ነርቮች ነክቶ እንደሆነ እንዲታይ ነው። እሱ ግን አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ጫማውን እሷ እንድታወልቅለት እግሩን ዘረጋላት።

«ልቤን ተዪው፤ ብረት ነው» አላት፣ ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ ስትለጥፍ። ስልኩ ሲጮህም እንደተጋደመ፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ!» ብሎ አምባረቀ።

«የስብሰባው ወንበር ተመቸዎት?» ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

«አሁን ተነሥተው ይቁሙ። እጄን ይያዙ።»

«ሽማግሌ መሰልኩሽ?»

ብድግ ሲል የልቡ ምት መሣሪያው ላይ ሽቅብ ጋለበ። ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳውን ሲዳብስ ቦርሳውን ከጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ከውስጡም ልክ የለበሰውን የሚመስል፣ ተተኩሶ የታጠፈ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስና ሶፍት ተዘረገፈ።

ልታነሣለት ጎንበስ አለች።

«አትንኪ!» ሱሪውን ደረቱ ላይ አጣብቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «ራሴ ነኝ አጥቤ የምተኩሰው። ሚስቴ እንኳ አታውቅም።»

ንቀቷ አልለቀቃትም። ቢሆንም ልቡ እስኪረጋ ድረስ ማንም እንዳይገባበት በሩን ቆለፈችለት።